ላፕቶፕ ለማጽዳት የተጠራ ቅሬ

ምስጥን ሲያመሰግን የሰማሁት ሰው የለም፤ ስለዚህ እኔ ላመስግነው። በዚህ አገር መዝገብ ቤቶች ጨለማ ውስጥ ስንት ክስ፣ ስንት የተንኮል ማመልከቻ፣ ስንት «አጎቴ ድንበር ገፋብኝ» የሚል ቃል ትውልድ ሊያፋጅ አድፍጦ ሲጠብቅ፣ ምስጥ ያለ ደመወዝና ያለ ውሎ አበል በልቶ ገላግሎናል። ምስጥ የተወውን አይጥ ይጨርሰዋል፤ አይጥ የተወውን የሚያፈስ ጣራ ያበሰብሰዋል። ስለ ይቅርታ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አገላብጫለሁ፤ የምስጥን ያህል የሠራ ግን አላገኘሁም። ይህን ስናገር ወዳጆቼ «አንተ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲወጣ አንተ ትወርዳለህ» ይሉኛል። ይበሉኝ። ዳገቱን ከታች ሆኖ የሚያይ ሰውም ያስፈልጋል።

ላፕቶፕን ግን ምስጥ አይበላውም። መከራዬ የተጀመረው ከዚህ ነው።

ዘጠኝ ዓመት በአንድ የውሃ ፕሮጀክት ውስጥ ሠርቻለሁ። ቢሮው ውጫሌ፣ ቤቴ ሐይቅ፤ የዕድሜዬን ጥሩ ክፍል ሚኒባስ ውስጥ በሰው ጉልበትና በሰው ዶሮ መካከል አሳልፌዋለሁ። የፕሮጀክቱ ጊዜ ሲያልቅ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ «በእጅዎ የሚገኘውን ላፕቶፕ ከማንኛውም የግል መረጃ ነጻ አድርገው እስከ ፊታችን ሐሙስ እንዲያስረክቡ እናሳስባለን።» ካላስረከብኩ ክሊራንስ የለም፤ ክሊራንስ ከሌለ የሚቀጥለው መሥሪያ ቤት በሩን አይከፍትልኝም።

ደብዳቤውን ያረቀቀው ሰው ሐይቅ ኖሮ እንደማያውቅ ያስታውቃል። በእኛ ሰፈር ላፕቶፕ እንደ መሰላል ነው፤ ባለቤቱ አንድ ነው፣ የሚወጣበት ግን ሁሉም ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰፈሩ የሠርግ ጥሪ፣ የሰፈሩ የመርዶ ማስታወቂያ፣ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ የሥራ ልምድ የተጻፈው በእሱ ነው። አንድ ልጅ «እንግሊዝኛ፦ በጣም ጥሩ» ብዬ ጽፌለት ሥራ ይዟል፤ እስካሁን ከመነቃት ያዳነው ዝምታው ብቻ ነው። ደሴ ላለ ሐኪም እንድልክላቸው ያነሣሁላቸው የአንድ ባልቴት መንጋጋ ጥርስ ፎቶ አለ። የእኔም አለ፦ የሦስት መጻሕፍት ምዕራፍ አንድ (ምዕራፍ ሁለት የላቸውም)፣ እና «ለማዘጋጃ ቤት፤ ያልተላከ» የሚል ደብዳቤ በዐሥራ አንድ ዓይነት፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው የባሰ የተቆጣ። ዐሥራ አንደኛውን ሳነበው እኔን ራሴን አስፈራኝ።

ይህ ሁሉ ቢወጣ ውርደት ነው እንጂ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሌላ ፋይል ውስጥ ነበር።

እኔ የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን። የእኛ ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ይቀብራል፤ ሳይቀብር በፊት ደግሞ ያስታርቃል፤ ምክንያቱም የተኳረፈ ሰው አብሮ ድንኳን አይተክልም። ካስታረቅናቸው ሁሉ ከባዶቹ አያ ሙሔና ጋሽ ደምሴ ነበሩ። አጥር የሚጋሩ፣ አብረው ያደጉ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» የሚል ጎረቤቶች። አያ ሙሔ ቤታቸውን አዲስ ቆርቆሮ አለበሱና የአሸንዳውን አፍ ወደ ጋሽ ደምሴ ግቢ አዞሩት ተባለ። የክረምት ውሃ ወረደ፤ የጋሽ ደምሴ ጌሾ ተነቀለ። ከዚያ ቃል፣ ከቃል ዝምታ። አራት ዓመት ሰላም አልተባባሉም። በአራተኛው ዓመት የጋሽ ደምሴ እናት ሞቱ፤ አያ ሙሔ ቀብር አልመጡም። በእኛ አገር ሰው ይሰድብሃል፣ ይከስሃል፣ ድንበርህን ይገፋል፤ እናትህን ሳይቀብር ከቀረ ግን ያ ሌላ ነገር ነው።

ሽማግሌ ተላከ። መሪው ሼህ እንድሪስ ነበሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ቁጣ ሲሰሙ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ አዛውንት። ሦስት ወር ተመላለስን። አያ ሙሔ «እሱ ካልለመነኝ አላየውም» አሉ። ጋሽ ደምሴ «እሱ ካልለመነኝ አይቅረበኝ» አሉ። በመጨረሻ ሼህ እንድሪስ ከአያ ሙሔ ቤት ወጥተው ወደ ጋሽ ደምሴ ገቡና «ሙሔ አልቅሶ ለመነህ። የእናትህን ቀብር የቀረሁበት ቀን ያቃጥለኛል ብሏል» አሉ። ከዚያ ወጥተው ወደ አያ ሙሔ ገቡና «ደምሴ ለመነህ። ያለ ሙሔ ቤቴ ቤት አይመስለኝም ብሏል» አሉ። ሁለቱም እንባቸው መጣ። አፉ ተባብለው ይቅር ተባባሉ። ሰባት ዓመት ሆነው። ሰፈሩ እንደ ምሳሌ ይጠቅሳቸዋል።

ይህ የሽማግሌ ወግ ነው፤ ስንት ትዳር በዚህ ቆሟል። ሽማግሌ ግን የዋሸውን አይጽፍም። እኔ ጻፍኩት። «የታሪክ ሰው ነኝ፣ ለትውልድ እውነቱ ይቅር» የሚል ትዕቢት ያዘኝና ሁለት ቃለ ጉባኤ አዘጋጀሁ። አንዱን «የሙሔና የደምሴ ዕርቅ፤ የሚነበበው»፣ ሌላውን «የሙሔና የደምሴ ዕርቅ፤ እውነተኛው» አልኩት። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ከረጢት ላይ «የተሰረቀ» ብሎ አይጽፍም።

ላፕቶፑን የሚረከበኝ ወንድወሰን የሚባል ወጣት ባልደረባዬ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ ያነበበውን ይናገራል። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለውን ወረቀት እንኳ ለጎረቤት የሚያነብ ሰው ነው። ይህም ባልከፋ፤ የጋሽ ደምሴን ልጅ ያገባው እሱ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሁሉንም መርጬ አጠፋሁ። ማያው ላይ ያለችው ትንሽ የቆሻሻ ቅርጫት ጠገበች፤ እኔም ጥርሴን ፋቅሁ፣ ልብሴን ለበስኩ። ለማንኛውም ብዬ ግን በዋናው መንገድ ዳር ኮምፒውተር ቤት ወዳላት ሐያት ጎራ አልኩ። ሐያት ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ትጽፋለች፣ የሞተ ስልክ ታስነሣለች፤ ምላሷም እንደ እጇ ፈጣን ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ አልጠፋም፤ ቅርጫት ውስጥ ነው ያለው» አለች።

ቅርጫቱን ደፋሁት። «አሁንስ?»

«አሁንም አልጠፋም።»

«ደፋሁት እኮ!»

«ቆሻሻ ሲደፋ የት ይሄዳል? ጎረቤት ነው የሚሄደው። ቆይ ላሳይህ» ብላ አንድ ፕሮግራም ከፈተች። በሩብ ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ ዓመቴ እንደ ትንሣኤ ሙታን ተነሣ። የባልቴቷ ጥርስ ተነሣ። ዐሥራ አንዱ ደብዳቤ ተነሣ። «እውነተኛው» ከሁሉም በላይ ቁጭ አለ። ማያውን በመዳፌ ሸፈንኩት።

«በደንብ የሚያጠፋ አለኝ» አለች ሐያት፣ እጄን እንዳላየች ሆና። «ከላይ ከላዩ እየጻፈ ነው የሚያጠፋው። ግን ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ባትሪህ ደግሞ ሞቷል፤ መብራት ከጠፋ እንደገና ከዜሮ ነው። ዛሬ ከሰዓት መብራት የለም ተብሏል፤ ነገ በጠዋት አምጣው።»

አምጣው ተባልኩ፤ ዝም ብዬ ቤቴ መግባት ነበረብኝ። ነገር ግን ባጃጅ ውስጥ የቅሬያችን ዳኛ አቶ ታደሰ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አቶ ታደሰ ከአምላክ ቀጥሎ ደንብ የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ ቅደም ተከተሉን እንኳ እጠራጠራለሁ። «ምን ታቅፈሃል?» አሉኝ። የማይሆን ቀልድ ምላስን ሲያሳክክ ክፉ ነው።

«የቅሬውን ዘጠኝ ዓመት ነዋ! ነገ በስድስት ሰዓት ውስጥ ድራሹን አጠፋዋለሁ» አልኳቸው፣ እየሳቅሁ።

አልሳቁም። «በማን ፈቃድ?»

«ጋሽ ታደሰ፣ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ ባዶ አድርገህ መልስ ተብያለሁ።»

«ዕቃው የመሥሪያ ቤት ነው። ቃሉ የቅሬው ነው። ደንቡን አታውቀውም?»

በዚህ ጊዜ «እሺ» ያለ ሰው ይድናል። እኔ ግን ተከራከርኩ። ደንብ ለሰው እንጂ ሰው ለደንብ አልተፈጠረም አልኩ፤ ሁለት የግሪክ ሊቃውንት ጠቀስኩ። አቶ ታደሰ አዳምጠው ሲያበቁ ከኪሳቸው የታጠፈች ወረቀት አወጡና አነበቡልኝ፦ «የቅሬው ማንኛውም ሰነድ ባለጉዳዮቹ ባልተገኙበት አይሰረዝም። ስረዛው ተጀምሮ እስኪፈጸም ድረስም ከተሰብሳቢው ማንም ከቦታው አይነሣም።»

«ይኼን የመሰለ የማይረባ አንቀጽ ማን ነው የጻፈው?» አልኩ።

«አንተ» አሉኝ።

እውነት ነው። ስጽፈው በሐሳቤ የነበረው ክብሪትና ወረቀት ነው፤ ወረቀት አንድ ደቂቃ ይነድዳል፣ ሰው ቆሞ ያያል፣ ይበተናል። ስድስት ሰዓት የሚነድድ ወረቀት ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። አቶ ታደሰ ላፕቶፑን ከጭኔ ላይ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። «እስከ ነገ እኔ ዘንድ ይደር። ባለጉዳዮቹን አስጠራለሁ» ብለው መስጊዱ ጋ ወረዱ። የፋይሉን ስም እንኳ ልለውጥ የምችልበት ዕድል ከእሳቸው ጋር ወረደ። የባጃጁን ነጂ «ተከተላቸው» ልለው አስቤ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰው በባጃጅ የማሳድድ ዓይነት ሰው ሆኜ መታየት አልፈለግሁም።

ረቡዕ ጠዋት ድንኳኑና ትልልቁ ድስት የሚቀመጥበት የቅሬው አዳራሽ ሞላ። ያስታረቅናቸው ሁሉ መጥተዋል፤ የተፋቱት ለየብቻ፣ የታረቁት አብረው። ወንበር ያጣው ድስት ገልብጦ ተቀመጠ። ሼህ እንድሪስ ጥግ ይዘዋል። ሐያት ላፕቶፑን ሰካች። የአቶ ታደሰ ሥርዓት ቀላል ነው፤ ሐያት የፋይሉን ስም ትጠራለች፤ ባለቤቱ «ይጥፋ» ወይም «ይቅር» ይላል፤ የሚቀረው ወደ ፍላሽ ይገለበጣል።

ቀስ ብዬ ወደ ሐያት ተጠጋሁ። «አንቺ ልጅ፣ አንዱን ስም ዝለይልኝ።»

«የትኛውን?» አለች፤ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አታውቅም። አቶ ታደሰ ተመለከቱኝ። ተመለስኩና ድስቴ ላይ ተቀመጥኩ።

«የጥርስ ፎቶ!»

«የእኔ ነው፣ ይጥፋ። ተነቅሏል» አሉ ባልቴቷ፣ አፋቸውን ከፍተው ለምስክሮች እያሳዩ።

«ለማዘጋጃ ቤት፤ ያልተላከ፤ ዐሥራ አንድ!»

«ይጥፋ» አልኩ። «ለምን ይጠፋል? ይላክ እንጂ!» አለ ከኋላ አንዱ፣ ሕዝቡ ሳቀ። እንዲህ እንዲህ እያልን ደረስን።

«የሙሔና የደምሴ ዕርቅ፤ የሚነበበው!»

«ይጥፋ» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ። ጎን ለጎን ነበር የተቀመጡት፤ ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አያ ሙሔ ትከሻ ላይ ጥለዋል።

«የሙሔና የደምሴ ዕርቅ…» ሐያት ቆመች። ብልህ ልጅ ናት፤ የቆመችው ግን ዘግይታ ነው፤ ቀሪዋ ቃል አምልጣለች። «…እውነተኛው።»

ድስት ላይ የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«እውነተኛው ማለት?» አሉ አያ ሙሔ።

«እንግዲያ ቅድም ይጥፋ ያልነው ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሼህ እንድሪስ ዞርኩ። ሼህ እንድሪስ ሙስበሃቸውን ሁለት ሦስት ፍሬ ቆጠሩና ተነሡ።

«አፉ በሉን» አሉ። «ዋሽተናችኋል። አንተም አልለመንክም፤ እሱም አልለመነም። እኔ ነኝ በሁለታችሁም አፍ የተናገርኩት። ይኼ ልጅ ጥፋቱ መጻፉ ብቻ ነው።» ይኼ ልጅ እኔ ነኝ፤ ጠጉሬ ሸብቷል።

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ከአያ ሙሔ ትከሻ ላይ አነሡ። «አላለቀሰም?»

«አላለቀሰም።»

«አንተ ሙሔ! እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳዝንልህ! ‹ይኼ ሰው አልቅሶ ለምኖኛል፣ አንጀቱ ቆስሏል› እያልኩ የመጀመሪያውን እሸት ላንተ ስልክ!»

«እኔስ?» አሉ አያ ሙሔ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ስትቆጣ ዝም ስልህ! ‹ለምኗል፣ ተሸንፏል፣ እንዳታዋርዱት› ብዬ ልጆቼን ስመክር!»

«ልጆችህን? ልጆችህም ለመነ ብለው ነው እንዴ ‹ጋሽ ደምሴ፣ ጋሽ ደምሴ› እያሉ እጄን የሚስሙት?»

«ሌላ ምን አለህና ይስሙሃል!»

ሁለቱም ተነሡ። አዳራሹ አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ በሩ ላይ እኩል ደረሱ። ቀድሞ መውጣት ጥሩ ነው፤ ግን ቀድሞ የወጣ እንደ ሸሸ ይቆጠራል፤ ኋላ የወጣ ደግሞ እንዳሳለፈ። በዚህ ሒሳብ ላይ ቆመው ሳሉ አቶ ታደሰ «ደንቡ!» ብለው ጮኹ። «ስረዛው ተጀምሯል። ማንም አይነሣም!»

«አልተጀመረም እኮ» አለ አንዱ።

«ሐያት፣ ጀምሪ!»

ጀመረች። «አንድ ከመቶ» አለች።

አያ ሙሔ ከአዳራሹ በስተምሥራቅ ጫፍ፣ ጋሽ ደምሴ በስተምዕራብ ጫፍ ተቀመጡ። መካከል ላይ እኔ። ሁለቱም የሚያዩት እኔን ነበር፤ ቢያንስ በዚህ ተስማምተዋል። ነገ የጋሽ ደምሴ ቤተሰብ ሲሞት አያ ሙሔ ድንኳን ሊተክሉ ነው ወይስ አጥር ሥር ሊደበቁ? ይህን ሰላም ያፈረሰው ጠላት አይደለም፤ ሁለት ስም ያወጣ ሞኝ ጸሐፊ ነው። በሕይወቴ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ያነበበው ሰው ጥቂት ነው፤ ዋጋ ያስከፈለው ግን አንዱ ርእስ ብቻ ሆነ።

«ዐሥራ ሁለት ከመቶ።»

ሽንት ቤት ጉዳይ ተነሣ። አቶ ታደሰ አሰቡና «በአጃቢ» ብለው ፈቀዱ። ቆሎ መጣ፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ጋሽ ደምሴ ከአያ ሙሔ ወገን የመጣውን ሳይነኩ አሳለፉት። ዝናቡም መጣ። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው አፉን ቢከፍት እንኳ አይሰማም፤ ለጊዜው ጥሩ ነበር።

«ሠላሳ ስምንት ከ…» አለች ሐያት፤ መብራት ጠፋ።

አዳራሹ በአንድ ላይ ተነፈሰ። ሐያት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ከዜሮ ነው» አለች፣ ልቅሶ በሚመስል ድምፅ። አቶ ታደሰን የሚለምን፣ ደንቡን የሚረግም፣ ደንቡን የጻፈውን የሚረግም በዛ። ሦስተኛው ወገን ትክክል ነበር። አቶ ታደሰ ግን «ያልተፈጸመ ስረዛ ነው፤ ማንም አይነሣም» ብለው በሩ ላይ ወንበራቸውን አኖሩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራት መጣ። «አንድ ከመቶ» አለች ሐያት፤ ማንም አልሳቀም።

ዝናቡ ግን አልቆመም። የቅሬው ጣራ ደግሞ ብዙ ዘመን የቆየ ነው፤ ማፍሰስ ሲጀምር ከምሥራቅ ጫፍ ጀመረ፤ በቀጥታ አያ ሙሔ ኮፍያ ላይ። መጀመሪያ ጠብታ ነበር፤ ቻሉት። ወደ ቀኝ ሸሹ፤ እዚያም ፈሰሰ። ወደ ግራ ሸሹ፤ እዚያም። ሰው በየድስቱ ተጨናንቋል፤ ደረቅ ቦታ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ጋሽ ደምሴ አግዳሚ ላይ።

አያ ሙሔ ቆመው ረጠቡ። ትንሽ ረጠቡ። ከዚያ አዳራሹን አቋርጠው ሄዱና «ፈቀቅ በል» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ቀና ብለው አዩአቸው፤ ውሃው ከአያ ሙሔ አገጭ ይንጠባጠባል። «ውሃ አንተንም ያገኝሃል ለካ!» አሉ።

አያ ሙሔ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሊቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። «ያንተ ጌሾ ነው የረገመኝ» አሉ፤ ተቀመጡ። ጋሽ ደምሴም ሳቁን ሊውጡ ታገሉ፤ በአፍንጫቸው አመለጣቸው። ከዚያ ሁለቱም ወለሉን ያዩ ጀመር። ሐያት «ሃያ ሁለት» አለች፤ «አርባ» አለች፤ «ሃምሳ አምስት» አለች።

ከሃምሳ አምስት በኋላ ይመስለኛል የሆነው። ልክ ሰዓቱን አላውቀውም። አያ ሙሔ ወለሉን እያዩ «የእናትህ ቀብር ቀን…» ሲሉ፣ ጋሽ ደምሴም ያን ጊዜውኑ፣ ወለሉን እያዩ፣ «አሸንዳህን በድንጋይ የመታሁት…» ሲሉ፣ ሁለቱ ቃል ተደራረበ። ሁለቱም ቆሙ። «አንተ ተናገር»፣ «የለም፣ አንተ።» ደግሞም ሁለቱም ባንድ ላይ ጀመሩ።

«ቀብር ባልመጣም፣ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። ሬሳው እስኪያልፍ ቆሜ ነበር። ልጅ ሆኜ ስንት ቀን ያበሉኝ እናት! እግሬ እንቢ አለኝ፤ ቂም እንደ ችካል ነው ወንድሜ…» ይሉ ነበር አያ ሙሔ።

«ውሃው አንተ ያዞርከው አይደለም። ቀድሜ እኔ መትቼ ነው የተጣመመው፤ አዲስ ቆርቆሮህን አይቼ ቀንቼ ነው…» ይሉ ነበር ጋሽ ደምሴ፣ በዚያው ትንፋሽ።

«አፉ በለኝ።»

«አፉ በለኝ።»

ማን ቀደመ? አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር፤ ማንም አላወቀም። ሼህ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እኔ ዓይኔን እያሻሸሁ ነበር፤ ዝናቡ የሠራው ነው። አቶ ታደሰ ግን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ጸሐፊ! መዝግብ! ይኼኛው ነው እውነተኛው!»

ከልማድ እጄን ወደ ላፕቶፑ ዘረጋሁ። «እንዳትነካው!» ብላ ሐያት እጄን መታችኝ። «ከነካኸው ከዜሮ ነው!»

ሕዝቡ ሁሉ «አትንካው!» አለ።

«ወረቀት ፈልግ» አሉ አቶ ታደሰ።

ሼህ እንድሪስ ዓይናቸውን ገለጡ። «ተው ታደሰ» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼ ልጅ ከጻፈው ሁለት ያደርገዋል።»

አልጻፍኩም። መቶ ከመቶ ስንሞላ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ሐያት ማያውን ለሕዝብ አዞረች፤ ባዶ። አንድ ሰው ሲያጨበጭብ ሌላውም አጨበጨበ። አያ ሙሔና ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ እንደገና እኩል ደረሱ፤ በሩ ለሁለት ሰው ጠባብ ነው፤ ተጋፍተው ወጡ።

ሐሙስ ጠዋት ውጫሌ ደረስኩ። ንብረት ክፍል ወንድወሰን ቆሞ ይጠብቀኛል። ላፕቶፑን ከፈተ፤ አገላበጠ፤ ፊቱ ዳቦ ሊገዛ ሄዶ ዳቦ ቤቱን ዝግ እንዳገኘ ሰው ሆነ።

«ጋሼ፣ ምንም የለም?»

«ምንም።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «የአማቴና የጋሽ ሙሔ ነገርም?»

ሐይቅ የተደረገ ነገር ውጫሌ ለመድረስ ሚኒባስ እንደማይጠብቅ ማወቅ ነበረብኝ። «እሱም» አልኩት።

«ታዲያ ጉድ ፈላ! አማቴ ትናንት ደውለው ‹ቀድሜ የለመንኩ እኔ ነኝ፣ ላፕቶፑን ስትረከብ አይተህ ንገረኝ› አሉኝ። ጋሽ ሙሔ ደግሞ ስልኩን ነጥቀው ‹አማትህን እንዳታምን፣ ቀድሜ የለመንኩ እኔ ነኝ› አሉኝ። ማን ነው?»

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በመጀመሪያ በኩርፊያ፣ ኋላም በውሸት ዕርቅ፣ ሁለቱም «ለመነ» እንዳይባሉ ነበር የኖሩት። አሁን ማስረጃ ይፈልጋሉ። «አልተመዘገበም፤ ፈርም» አልኩት።

ወንድወሰን እያዘነ ፈረመ። እስክሪብቶውን ሳያስቀምጥ ስልኩን አወጣ፤ ክሊራንሴን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። «አባባ» አለ አማቱን፤ «ባዶ ነው፤ ማንም አልተጻፈም!»

ከስልኩ ውስጥ የሁለት ሽማግሌ ሳቅ ተሰማ።